ወደ ኮሎራዶ ለኤልክ አደን በራስ መሄድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከምኖርበት ከቨርጂኒያ እስከ ምዕራብ ኮሎራዶ ተራሮች በመኪና 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስድስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሥጋ ይዤ የተመለስኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «ሳትነግረን» እንዳልባል ነው። «በራስ መሄድ» ስል መሪ ሳይቀጥሩ፣ የግል መሬት ሳይከራዩ፣ የሕዝብ በሆነ ደን ውስጥ ኤልክን፣ ያን ግዙፍ የአሜሪካ የዱር እንስሳ፣ ማደን ማለቴ ነው።

ለቅሶ ቤትም ሆነ ሰርግ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ጠመንጃው ነው። ሥጋው ተጭኖ ስለሚመጣበት የበረዶ ሣጥን የጠየቀኝ እስካሁን የለም። እኔ ግን ዕቅዱን የምጀምረው ከሣጥኑ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ሲወርዱ ይደርሱበታል።

ኤልክ ማለት አጋዘን ነው?

በመልክ ይመሳሰላሉ፣ በዘር ግን ይለያያሉ። አገር ቤት አጋዘን የምንለው ከላምና ከፍየል ወገን ነው፤ ቀንዱ አንዴ ከበቀለ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል። ኤልክ ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል። በክረምቱ ማብቂያ ላይ (ክረምትና በጋ የምለው የአሜሪካውን ነው) ይወድቅና ወዲያው እንደ አዲስ ማቆጥቆጥ ይጀምራል፤ ሲያድግ ለስላሳ ጠጉር ባለው ቆዳ ይሸፈናል፤ በበጋው መጨረሻ ዛፍ ላይ እየፋቀ ያን ቆዳ ይገፈዋል። ሴቷ ቀንድ የላትም።

ወንዱ ከ300 ኪሎ ግራም ያልፋል፤ ሴቷ 220 አካባቢ ትመዝናለች። ባሌ ላይ ወንድ የደጋ አጋዘን በቅርብ ያየ ሰው ግዝፈቱን ለመገመት አይቸገርም።

ስዊድን ለምትኖሩ አንድ ማስታወሻ፦ እዚያ «ኤልግ» የሚባለው ሌላ እንስሳ ነው፤ አሜሪካኖች «ሙስ» ይሉታል። ኮሎራዶ ውስጥ ሁለቱም አሉ። በኤልክ ፈቃድ ሙስ የገደለ ሰው «ተሳስቼ ነው» ማለቱ አያድነውም፤ ስለዚህ ቀለሙንና የቀንዱን ቅርጽ ሳይለዩ አይተኩሱ። ሙስ ጠቆር ያለ ነው፤ ቀንዱ እንደ መዳፍ ጠፍጣፋ ነው። ኤልክ ሰውነቱ ገለባ መሳይ፣ አንገቱ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ቂጡ ነጣ ያለ ነው።

ለምን ኮሎራዶን መረጡ?

ከአሜሪካ ክፍላተ ግዛት ሁሉ ብዙ ኤልክ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። ምዕራቡ ክፍል አብዛኛው የፌዴራል መንግሥት መሬት ነው፤ ማንም ሰው ድንኳኑን ተክሎ ሊያድር ይችላል። ዋይት ሪቨር የተባለው ብሔራዊ ደን ብቻውን ከ9,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። የሚገርመው ከመቶ ዓመት በፊት ኤልክ ከኮሎራዶ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ከዋዮሚንግ እየተጫነ መጥቶ ነው እንደገና የተራባው። ዛሬ የጥበቃው ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው አዳኞች ለፈቃድ ከሚከፍሉት ገንዘብ ነው።

ዜግነት የለኝም፤ ማደን እችላለሁ?

ከሁሉም በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ይህ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ ነው። ችግሩ የአደን ፈቃዱ ሳይሆን ጠመንጃው ነው። በፌዴራል ሕግ መሠረት የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማለትም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መያዝ ይችላል። ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር ሰው ጠመንጃም ጥይትም በእጁ መያዝ አይችልም፤ የጓደኛ ጠመንጃ ለአፍታ መቀበልም ያስጠይቃል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው በመርሕ ደረጃ ተከልክሏል፤ ከአንድ ክፍለ ግዛት የተሰጠና ያልተቃጠለ የአደን ፈቃድ ከያዘ ግን ሕጉ ለእሱ የተለየ በር ከፍቷል።

የጥገኝነት ጥያቄዎ ገና ውሳኔ ካላገኘ ወይም በጊዜያዊ ጥበቃ ላይ ካሉ፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክሩ ተኩስ መለማመጃ ቦታ እንኳ አይሂዱ። ከጦር መሣሪያ ጋር የተያያዘ ጥፋት ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ለአንድ ሳምንት አደን ብሎ አሥር ዓመት የተጠበቀ ወረቀት አይጣልም።

ሥልጠና ያስፈልጋል?

አዎ። ከጥር 1 ቀን 1949 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአዳኞች ደኅንነት ትምህርት የወሰደበትን ምስክር ወረቀት ማቅረብ አለበት። በሚኖሩበት ክፍለ ግዛት ተምረው የሚያገኙት ወረቀት ኮሎራዶም ይሠራል። በበጋው ይጨርሱት፤ መስከረም ላይ ቦታው ይሞላል።

ፈቃዱን እንዴት አገኛለሁ?

ፈቃድ የሚሸጠው ኮሎራዶ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ የተባለው የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዕጣ ነው፦ በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ያመለክታሉ፣ ውጤቱ በበጋው መግቢያ ይነገራል። ዕጣው ካልወጣልዎ አንድ የቅድሚያ ነጥብ ይያዝልዎታል፤ በሚቀጥለው ዓመት በነጥብ ከሚያንሱዎ ሰዎች ይቀድማሉ ማለት ነው። አንዳንድ ዝነኛ የአደን ክልሎች ከሃያ ነጥብ በላይ ይጠይቃሉ፤ እነሱን ለልጅ ልጆችዎ ይተዉላቸው። በዜሮ ወይም በአንድ ነጥብ የሚገኙ ጥሩ ክልሎች ሞልተዋል፤ በተለይ ለሴት ኤልክ።

ሁለተኛው መንገድ ያለ ዕጣ የሚሸጠው ፈቃድ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው የጠመንጃ ወቅት፣ ለወንድ ኤልክ ብቻ፣ በርካታ ክልሎችን በአንድ ላይ የሚሸፍን ፈቃድ ነሐሴ ላይ ለፈለገ ሁሉ ሲሸጥ ቆይቷል። ቀድሞ በቀስት ለሚያድኑም እንዲሁ ነበር፤ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ከሌላ ክፍለ ግዛት የሚመጡ የቀስት አዳኞች ወደ ዕጣው ገብተዋል። ደንቡ በየዓመቱ ስለሚሻሻል የዓመቱን መጽሔት ከመሥሪያ ቤቱ ገጽ አውርደው ከዳር እስከ ዳር ያንብቡት። የዓምናውን ያነበበ ጓደኛ ምክር ከምንም አይቆጠርም።

ዋጋው ከውጭ ለሚመጣ አዳኝ 800 ዶላር አካባቢ ነው።

ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ ከተማ ነው የምኖረው፤ እኔም ያን ያህል እከፍላለሁ?

አይከፍሉም። ስድስት ወር በተከታታይ ኮሎራዶ የኖረ ሰው የነዋሪ ፈቃድ የሚገዛው ከ100 ዶላር በታች ነው። ተራራው ከደጅዎ ሦስት ሰዓት ነው። እርስዎን መቅናት እንጂ መምከር አይሆንልኝም።

መቼ ልሂድ?

ቀስት መስከረም ሙሉ ነው፤ ወንዱ ለሴቶቹ የሚያፏጭበትና ድምፁ ሸለቆውን የሚሞላበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው የጠመንጃ ወቅት በጥቅምት አጋማሽ ላይ አምስት ቀን ብቻ ሲሆን በዕጣ ነው። ሁለተኛው በጥቅምት መጨረሻ ይጀምርና ዘጠኝ ቀን ይቆያል፤ ሦስተኛው በኅዳር የመጀመሪያ ሳምንታት ሌላ ዘጠኝ ቀን ነው። አራተኛው አጭር ነው፤ እሱም በዕጣ። እስካሁን ወሮቹን ሁሉ የጠራሁት በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው።

ጾም ለሚያጠብቅ አንድ ሒሳብ ልጨምር። ሦስተኛው ወቅት የሚያልቀው በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 7 ቀን ገደማ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። መንገዱ ሁለት ቀን ይወስዳል፤ ስለዚህ ሥጋው ቤት ከገባ በኋላ የሚቀረው የፍስክ ጊዜ አንድ ሳምንት ቢሞላ ነው፣ ያውም ረቡዕና ዓርብ ሲቀነስ። የቀረውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ዘግቶ ገናን መጠበቅ ነው። የጽጌንም ጾም የሚጾም ሰው ሁለተኛውን ወቅት ቢመርጥ በበረሃ ጥብስ አይጠብሳትም፤ ሽሮና ደርቆሽ ይያዝ። ደርቆሽ ለተራራ የተፈጠረ ምግብ ነው፦ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ትንሽ ሙቅ ውኃ ይበቃዋል።

በዚያ ሰፊ አገር የት ልፈልገው?

መጀመሪያ ቤትዎ ተቀምጠው በካርታ። ኦንኤክስ የተባለው የስልክ ካርታ የትኛው መሬት የሕዝብ፣ የትኛው የግል እንደሆነ በቀለም ይለያል፤ ስልክ በማይሠራበት ቦታ እንዲያገለግል አስቀድመው ያውርዱት። ይህ የቅንጦት ነገር አይደለም፤ በኮሎራዶ ባለመሬቱ አጥር እንዲያጥር ወይም «አይግቡ» ብሎ እንዲጽፍ አይገደድም። የማን መሬት ላይ እንደቆሙ ማወቅ የእርስዎ ኃላፊነት ነው።

ኤልክ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ሣር፣ ውኃና መደበቂያ። ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ሣሩ ላይ ይገኛል፤ ቀኑን ወደ ሰሜን ፊቱን ባዞረ ገደል ላይ፣ ፀሐይ በማይገባበት ጥቅጥቅ ያለ ጥድ ውስጥ ተኝቶ ያመሰኳል። ተኩስ ከተጀመረ በኋላ ከመንገድ ይርቃል። ከመኪና መንገድ ሁለት ኪሎ ሜትር የራቀ ሰው አብዛኛውን አዳኝ ከኋላው ትቶታል።

ከልብስዎ ይልቅ ነፋሱን ይጠንቀቁ። ጠዋት ቀዝቃዛው አየር ከተራራው ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ይገለበጥና ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ ጠዋት ከታች ወደ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ከላይ ወደ ታች መቅረብ ይሻላል። እኔ በኪሴ ትንሽ የዱቄት ብልቃጥ እይዛለሁ፤ ቆንጠር አድርጌ ስበትነው አየሩ ወዴት እንደሚሄድ ያሳየኛል። ኤልክ ያየውን ሊጠራጠር ይችላል፤ የሸተተውን ግን አይጠራጠርም።

ምን ያህል ርቀት ልግባ?

እዚህ ላይ ነው የሣጥኑ ነገር የሚመጣው፤ ሥጋው ሳይበላሽ እዚያ መድረስ አለበት። አንድ ወንድ ኤልክ አጥንቱ ሲወጣ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሥጋ ይሰጣል። አንድ ጤነኛ ሰው በተራራ መንገድ በጀርባው 25 ኪሎ ቢሸከም ጎበዝ ነው። ሥጋው አራት ጭነት፣ ጭንቅላቱና ዕቃው አንድ ጭነት፣ ድምሩ አምስት። ከመኪናው ሦስት ኪሎ ሜትር ርቀው ከገደሉ፣ አምስት ጊዜ ተሸክመው ይወጣሉ፣ አራት ጊዜ ባዶ ይመለሳሉ፤ 27 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ ግማሹን በሸክም፣ ሽቅብና ቁልቁል። ሁለት ሰው ከሆናችሁ 15 ይሆናል።

ስለዚህ ጥያቄው «ኤልክ የት አለ?» ብቻ አይደለም። «ከዚህ ሸለቆ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ሥጋ ማውጣት እችላለሁ?» ነው። መልሱ «አልችልም» ከሆነ፣ ሃያ ኤልክ ተሰልፎ ቢያዩም ፎቶ አንሥተው ይመለሱ። ብቻዎን አይሂዱ የምለውም ለዚህ ነው።

ደብረ ብርሃን ነው ያደግኩት፤ ከፍታው ምን ያደርገኛል?

እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። አደኑ የሚካሄደው ከ2,400 እስከ 3,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የአገር ቤቱ ደም ግን ቆላ ሲኖሩ ቆላውን ይለምዳል፤ ጥቂት ሳምንት ባሕር ጠለል አካባቢ የኖረ ሰው ከፍታውን የለመደበትን አቅም ያጣል፣ እኔ ደግሞ አሥራ አራት ዓመት ኖሬ ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት ራሴን በሁለት እጄ ይዤ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ አደርኩ። አሁን ከወቅቱ ሁለት ቀን ቀድሜ እደርሳለሁ፤ አንዱን ሌሊት ዴንቨር፣ አንዱን ከአደኑ ቦታ በታች ባለች ከተማ አድራለሁ፤ ውኃ አበዛለሁ፣ መጠጥ አልቀምስም። ራስ ምታቱ ከማስታወክና ከመንገዳገድ ጋር ከመጣ መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፦ በሌሊትም ቢሆን ወደ ዝቅታ መውረድ።

የትኛውን ጠመንጃ?

ያለዎትን፣ ካሊበሩ (የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት) ትልቅ ከሆነ። ሕጉ ለኤልክ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ካሊበር ይጠይቃል፤ በተግባር ግን .270፣ .308 ወይም .30-06 የተባሉት የተለመዱት ይበቃሉ። በእጅ የሚጎረስ ቀላል ጠመንጃ ይመረጣል፤ ብዙ ደንብ የማይነካው እሱ ስለሆነ። ከጠመንጃው ዋጋ በላይ ለልምምድ ጥይት ያውጡ። ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ መምታት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ተንበርክከው፣ ተቀምጠው፣ እስክስታ እንደወረደ ሰው ልብዎ እየመታ በ200 ሜትር ላይ ሳህን የሚያህል ዒላማ በተከታታይ መምታት ከቻሉ ዝግጁ ነዎት። ካልቻሉ በ100 ሜትር ይወሰኑ።

በአብዛኞቹ ክልሎች ወንዱ ቢያንስ በአንዱ ቀንዱ ላይ አራት ቅርንጫፍ፣ ወይም ከቅንድቡ በላይ የሚወጣው የመጀመሪያው ቅርንጫፍ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊኖረው ይገባል። ይህን በማለዳ ጭጋግ ለመለየት ጥሩ የርቀት መነጽር ያስፈልጋል። የጠመንጃውን መነጽር ለማየት ብቻ ወደ ነገሩ አያዙሩ፤ «ነገሩ» ሰው ሊሆን ይችላል።

ጠመንጃ ይዤ እንዴት እጓዛለሁ?

በአውሮፕላን ከሆነ፦ ጥይቱ የወጣለት ጠመንጃ፣ በሚቆለፍ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ፣ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር፣ ገና መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ «ጠመንጃ ይዣለሁ» ብሎ በማስታወቅ። ጥይቱ በማሸጊያው ይሁን። በመኪና ከሆነ ደግሞ አራግፈው፣ ቆልፈው፣ ከእጅ በማይደርስበት የኋላ ሣጥን ያድርጉት። ስድስት ሰባት ክፍለ ግዛት ነው የሚያቋርጡት፤ የሁሉም ሕግ አንድ አይደለም።

ልብስስ?

በጠመንጃ ወቅት ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ካሬ ኢንች የሚያንጸባርቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልብስ፣ ከዚያው ቀለም ኮፍያ ጋር፣ ግዴታ ነው። ኤልክ ቀለሙን እንደ እኛ አያየውም፤ ሌላው አዳኝ ግን ያየዋል። ከሥር ሱፍ ይልበሱ፤ ጥጥ ላብ ይዞ ያቀዘቅዛል። የጫማዎ ጉዳይ ከሁሉ ይብሳል፤ አዲስ ጫማ ተራራ ላይ አይመረቅም።

ተኩሼ መታሁት። ከዚያስ?

በአያቶቻችን ዘመን ጎሽ ወይም ዝሆን የጣለ አዳኝ «ዘራፍ!» ብሎ ይፎክር ነበር፤ ግዳይ ጥሎ ሲመለስ አገር ይቀበለዋል። እዚህ ፉከራውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት፤ ሥራው የሚጀምረው አሁን ነው።

መጀመሪያ ሠላሳ ደቂቃ ባሉበት ይቀመጡ። የቆሰለ እንስሳ ካልተከተሉት ቅርብ ቦታ ተኝቶ ይሞታል፤ ካሳደዱት ሁለት ሸለቆ ይሻገራል። ከዚያ ደሙን ተከትለው ሲደርሱና መሞቱን ሲያረጋግጡ፣ ቢላዋ ከማውጣትዎ በፊት የፈቃዱን ወረቀት ፈርመው፣ ቀኑን ሞልተው፣ ቆርጠው ይያዙት። በጓደኛ ፈቃድ መግደል ወይም ለጓደኛ ብሎ መግደል ክልክል ነው።

ከዚህ በኋላ ጠላትዎ ሙቀት ነው። የኤልክ ቆዳ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ውጪው በረዶ ቢሆንም ውስጡ ለሰዓታት ይጋላል። እኔ የምሠራው ሆዱን ሳልከፍት ነው። በጎኑ አስተኝቼ ከጀርባው አከርካሪ ላይ ቆዳውን በረጅሙ እቀድና ወደ ሆዱ እገፈዋለሁ። የፊቱ እግር ከነትከሻው ከቀረው ሰውነት ጋር በመገጣጠሚያ አልተያያዘም፤ ከሥሩ በቢላዋ ሲከተሉት እንዲሁ ይለያል። የኋላው ይከብዳል፤ ከዳሌው ጉድጓድ ውስጥ እንደ እንቁላል የተቀመጠች ክብ አጥንት አለች፣ ጅማቷ ሲቆረጥ «ቷ» ብላ ትወጣለች። ከአከርካሪው ጎን ለጎን የሚሄደውን ረጅም ሥጋ ሳልቆራርጥ አወጣለሁ። ከዚያ ገልብጬ ሌላውን ጎን። ሰፈር ውስጥ በየብልቱ ማውጣት የሚያውቅ ሰው ካለ ከጥሩ ተኳሽ ይልቅ እሱን ይዘው ይሂዱ። ቢላዋው ቶሎ ይደንዛል፤ ሞረድ አይርሱ።

አራቱን እግሮችና የአከርካሪውን ሥጋ ትቶ መሄድ በሕግ ያስቀጣል። የጾታው ማስረጃ ደግሞ ከአንዱ ብልት ጋር እንደተያያዘ መቆየት አለበት፤ ተቆጣጣሪው ሲጠይቅ «ወንድ ነበር» ማለት ብቻ አይበቃም።

እያንዳንዱን ብልት አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት ከትተው ጥላ ውስጥ ዛፍ ላይ ይስቀሉ። በፌስታል በፍጹም! ያን ስሕተት እኔ ትንሽ ለየት አድርጌ ሠርቼዋለሁ። በሁለተኛው ጉዞዬ ሲመሽ ደክሞኝ ሁለቱን የኋላ እግሮች ከነአጥንታቸው፣ ገና ትኩስ እንዳሉ፣ በረዶ ሣጥን ውስጥ ቆልዬ ክዳኑን ዘጋሁት። ላዩ ቀዘቀዘ። ቤት ደርሼ ስከፍተው የአንዱ ሥጋ አጥንቱ አጠገብ አረንጓዴ ሆኖ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ሃያ ኪሎ ያህል ጣልኩ። ከዚያ ወዲህ ከኋላ እግር አጥንቱን እዚያው አወጣለሁ፤ ካልሆነም እስከ አጥንቱ ሰንጥቄ ሌሊቱን ሙሉ አየር አስመታዋለሁ፤ ሣጥን የሚያየው ጠዋት በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ሥጋውን እንዴት ቤት አደርሳለሁ?

ለአንድ ወንድ ኤልክ እያንዳንዱ 140 ሊትር የሚይዝ ሁለት የበረዶ ሣጥን በቂ ነው። ከሥሩ በረዶ፣ ሥጋው በላዩ፤ የሚቀልጠውን ውኃ በየማደያው ያፍስሱ። ደረቅ በረዶ የሚጠቀሙ ከሆነ የመኪናውን መስኮት ትንሽ ገርበብ ያድርጉ፤ የሚያወጣው ጋዝ በተዘጋ መኪና ውስጥ ሰው ያፍናል።

ሌላም አለ። ኮሎራዶ ውስጥ ኤልክንና ዘመዶቹን እያከሳ የሚገድል ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ የተባለ በሽታ አለ፤ የሚቀመጠው በተለይ በአንጎልና በአከርካሪ ውስጥ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድን ጨምሮ ብዙ ክፍላተ ግዛት ሙሉ ጭንቅላትና አከርካሪ ከዚያ እንዳይገባ ከልክለዋል። አጥንት አልባ ሥጋ፣ ቆዳና ተጠርጎ የጸዳ ቀንድ ችግር የለበትም። ጭንቅላቱን እዚያው ለምርመራ ይስጡ፤ በሽታው ወደ ሰው ስለመተላለፉ የተረጋገጠ ነገር ባይኖርም በሽታ የተገኘበትን ሥጋ መብላት አይመከርም።

ለመብላት ሃይማኖት ይፈቅዳል?

ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ነው፤ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላና ሚዳቋን ከሚበሉት ይቆጥራል። የሚያከራክረው በቢላዋ ሳይታረድ በጥይት መሞቱ ነው። እኔ ከመሄዴ በፊት ንስሐ አባቴን ጠይቄ ነው የሄድኩት፤ እርስዎም የራስዎን ይጠይቁ። አብሮኝ የሚሄደው ሙስሊም ጓደኛዬ «ቢስሚላህ» ብሎ ይተኩሳል፤ ነፍሱ ሳይወጣ ከደረሰበት ያርደዋል።

ጥሬውን መብላት ይቻላል?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ዐይኑ ያበራል። መልሴ ግን አይቻልም ነው። የዱር ሥጋ በሐኪም አልታየም፤ ጥገኛ ተሕዋስያንም ሊኖሩት ስለሚችሉ እስከ 71 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንዲበስል ይመከራል።  የሚያምርበት ቋንጣው ነው፦ ቀይ፣ ስብ አልባ፣ በሁለት ቀን ክው ብሎ የሚደርቅ። ለጥብስ ከሆነ ቅቤ አይሰስቱ። የዱር ስቡን ራሱን ግን ቆርጠው ይጣሉት፤ ምላስ ላይ እንደ ሻማ ይለጠፋል።

ቅርጫ ገብተን ብንካፈለውስ?

ገንዘብ ካለበት አይሆንም። የዱር ሥጋ መሸጥ በሕግ ክልክል ነው፤ ለዘመድም ሆነ ለዕድር፣ በዋጋ ሆነ በ«መዋጮ» ስም። በነጻ መስጠት ይቻላል፤ ከማን ፈቃድ እንደመጣ የሚገልጽ ወረቀት አብሮ ይሰጣል። አብረው የሄዱ ሰዎች የነዳጅና የምግብ ወጪ መጋራታቸው ግን ምንም የለበትም።

ለመሆኑ ስንት ያስወጣል?

ዕቃው ቀድሞ ካለዎትና ሁለት ሆናችሁ ከሄዳችሁ፣ ለአንድ ሰው ከፈቃዱ ጋር 2,000 ዶላር ያህል። ከዚህ ውስጥ ነዳጁ ለ6,000 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ነው። ሥጋውን ባለሙያ ቆርጦ እንዲያሽግልዎ ከፈለጉ ጥቂት መቶ ይጨምሩ። ከአምስት አዳኝ አራቱ ገደማ ባዶ እጁን እንደሚመለስ ደግሞ አይርሱ።

ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ስድስቱን ጉዞ ደመረችና ለሁለቱ እንስሳት ሥጋ አካፈለችው፤ የበሰበሰውን እግር ሳይቀር ቀንሳ። ኪሎው ከ80 ዶላር በላይ መጣ። ሒሳቡን የሠራችበትን ወረቀት ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው። እኔም አላነሣሁትም፤ ከሥሩ የሚያዝያውን የዕጣ ማመልከቻ ቀን ጻፍኩበት።